ከጉድጓድ እስከ ጓዳ፦ የአንድ ከሰል ቆፋሪ ቤተሰብ ታሪክ

ውድ እናቶችና እህቶች፣ ማታ ባለቤታችሁ ከሥራ ሲመለስ ዓይናችሁ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው ምኑ ላይ ነው? አንዳንዷ ፊቱን ታያለች፤ አንዳንዷ እጁን። የሥራ ልብሱን የምታጥብለት ግን ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ አይታ ውሎውን ታውቀዋለች። ሲሚንቶ ሲያራግፍ ውሎ እንደሆነ፣ በጥጥ ብናኝ መካከል ቆሞ ውሎ እንደሆነ፣ ከሞተር ሥር ተኝቶ ውሎ እንደሆነ ልብሱ ይናገራል። ፋብሪካውን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት እንኳ አቧራውን በእጇ ታውቀዋለች። ራሷም ሠራተኛ የሆነች እንደሆነ ደግሞ የምታጥበው የሁለት ሰው አቧራ ነው፤ የራሷንና የእሱን።

ዛሬ የምናወጋችሁ በዚህ በሥራ አቧራ ምክንያት ስለ ደረሰ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ታሪኩ የተፈጸመው ከአገራችን ርቆ፣ በብሪታንያ ምድር፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። የቤቱ አባት ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እናቲቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከልጆቻቸው አንዱ ደግሞ ከጉድጓድ ወጥቶ የአገሩን የሕክምና ሥርዓት የለወጠ ሰው ሆነ። የልጁን ስም ብዙ መጻሕፍት ጽፈውታል። እኛ ግን ዛሬ የምናተኩረው ከእሱ በስተኋላ በቆሙት በአባቱና በእናቱ ላይ፣ እንዲሁም እንደ እነሱ በኖሩት የማዕድን ሠራተኛ ቤተሰቦች ላይ ነው። (በትረካው ውስጥ ያለው ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።)

የከሰሉ ሸለቆ

ትሬዴጋር በደቡብ ዌልስ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዌልስ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች፣ የራሷ ቋንቋና ባህል ያላት አገር ናት። ተራሮቿ ከላይ ሣር የለበሱ የበግ ማሰማሪያ ናቸው፤ ከሥር ግን የድንጋይ ከሰል ሞልቷቸዋል። በዚያን ዘመን የዓለም መርከቦችና ባቡሮች የሚንቀሳቀሱት በከሰል ኃይል ስለነበረ፣ የዌልስ ከሰል እጅግ ተፈላጊ ሆነ። በ1913 ከደቡብ ዌልስ ጉድጓዶች የወጣው ከሰል ወደ 57 ሚሊዮን ቶን ይጠጋ ነበር። በ1920 ደግሞ በዚያው አካባቢ በከሰል ሥራ የተሠማራው ሠራተኛ ከ270,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ሰው ከየገጠሩ ወደ ሸለቆው ጎረፈ። በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው በረድፍ የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች ተደረደሩ። የትሬዴጋር አብዛኛው ነዋሪ እንጀራው ከጉድጓድ የሚወጣ ነበር። ባለሱቁም፣ ሥጋ ሻጩም፣ ልብስ ሰፊዋም የሚኖሩት ከሰል ቆፋሪው በሚያገኘው ደመወዝ ነው። ጉድጓዱ ሲዘጋ ሱቁም ጓዳውም አብሮ ይዘጋል።

ዴቪድና ፊቢ

ዴቪድ ቤቫን የዚህ ሸለቆ ሰው ነበሩ። ዌልሽ ቋንቋ ተናጋሪ፣ መጽሐፍ አንባቢ፣ መዝሙር ወዳድ፣ በጸሎት ቤታቸው የተከበሩ ሰው እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። የከሰል ቆፋሪ ስም ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ጉልበት ብቻ ነው። በዚያ ሸለቆ ግን ቀኑን በዶማና በአካፋ ሲታገሉ ውለው፣ ማታ በፋኖስ ብርሃን መጽሐፍ የሚገልጡ ወዛደሮች ጥቂቶች አልነበሩም። ከየደመወዛቸው ሳንቲም አዋጥተውም የራሳቸውን ቤተ መጻሕፍት አቋቁመው ነበር።

ባለቤታቸው ፊቢ ፕሮዘሮ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ናቸው። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነበር። አሥር ልጆች ወለዱ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ እንደነበሩት ብዙ እናቶች ሁሉ የወለዷቸውን በሙሉ ለማሳደግ አልታደሉም፤ በሕፃንነታቸው የተቀጩባቸው ነበሩ። አሥር ልጅ መውለድ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በየመካከሉ የሚቀበር ሕፃን ሲጨመርበት የእናት ጀርባ ምን ያህል እንደሚጎብጥም ታውቁታላችሁ።

ስድስተኛው ልጅ አናይሪን በኖቬምበር 15 ቀን 1897 ተወለደ። ወደ በኋላ ታሪኩን የምንተርክላችሁ እሱ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት

አሁን ደግሞ በእነዚያ ረድፍ ቤቶች ውስጥ አንዲት የከሰል ቆፋሪ ሚስት ቀኗን እንዴት ታሳልፍ እንደነበረ እንመልከት። ይህ የአንዲት ቤት ልማድ ብቻ ሳይሆን የመላው ሸለቆ ኑሮ ነበር።

ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ እናት ትነሣለች። እሳት ታያይዛለች። ዳቦና አይብ ወይም የተገኘውን ነገር በቆርቆሮ ሳጥን ታስቀምጣለች። ቆርቆሮ የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም፤ በጉድጓዱ ውስጥ አይጥ ስለሚበዛ በጨርቅ የተጠቀለለ ምግብ ለባለቤቱ አይተርፍም። ሌላ የቆርቆሮ ዕቃ በውሃ ወይም በቀዝቃዛ ሻይ ይሞላል። የጉድጓዱ ጡሩምባ ሲጮህ የወንዶቹ ጫማ ኮቴ በድንጋዩ ጎዳና ላይ ይሰማል። አባት ይሄዳል፤ ከፍ ከፍ ያሉት ወንዶች ልጆችም ይከተሉታል።

ወንዶቹ በብረት ገመድ በሚወርድ ሳጥን ተጭነው ወደ መሬት ሆድ ይገባሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው፣ አንዳንዴም በደረታቸው ተስበው፣ ከሰሉ ካለበት ይደርሳሉ። የከሰሉ ንጣፍ ቀጭን በሆነበት ቦታ ቆፋሪው በጎኑ ተጋድሞ ይቆፍራል። የሚከፈለው በቆፈረው ከሰል ክብደት ነው። ስለዚህ አቧራው ቢያስለውም፣ ጣሪያው ቢንቋቋም፣ ሥራውን አቁሞ እስኪረጋጋ መጠበቅ ከልጆቹ ዳቦ ላይ መቀነስ ይሆንበታል።

በዚያው ሰዓት ቤት የቀረችው ሴት ሌላ ፈረቃ ጀምራለች። የእሷ ፈረቃ ግን መጨረሻው አይታወቅም። አባት የጧት ፈረቃ፣ አንዱ ልጅ የከሰዓት በኋላ፣ ሌላው የሌሊት የሆነ እንደሆነ፣ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ምግብ ይሠራል፤ ሦስት ጊዜ ውሃ ይፈላል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው በሞቀው አልጋ ይተኛል። እሷ ከሁሉ በፊት ትነሣለች፤ ከሁሉ በኋላም ትተኛለች።

የቆርቆሮው ገንዳ

ከሁሉ የከበደው ሥራ የመታጠቢያው ነገር ነበር። በዚያን ዘመን በአብዛኛዎቹ ጉድጓዶች አጠገብ የሠራተኛ መታጠቢያ ቤት አልነበረም። ከሰል ቆፋሪው ከነጥቁረቱ፣ ከነላቡና ከነእርጥብ ልብሱ ቤቱ ይገባል። በእሳቱ ፊት የቆርቆሮ ገንዳ ይዘረጋል። ሚስት በትላልቅ ድስት የፈላውን ውሃ ከምድጃ አንሥታ ወደ ገንዳው ትገለብጣለች። ባሏ ሲታጠብ ጀርባውን ታሻለች። ከዚያ የጠቆረውን ውሃ እየቀዳች ወደ ውጭ ታፈሳለች። ልጆቹ ሲመጡ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የረጠበው ልብስ በእሳቱ ዙሪያ ይሰቀላል፤ ሲደርቅ ከላዩ የሚረግፈው አቧራ ወለሉ ላይ፣ ምግቡ ላይ፣ የሕፃኑ አልጋ ላይ ያርፋል።

እህቶቼ፣ ይህ ሥራ በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ሆኖም ያለዚህ ሥራ ከሰል ቆፋሪው በማግሥቱ ወደ ጉድጓድ ሊወርድ አይችልም ነበር። የጉድጓዱ ባለቤቶች ለአንድ ሰው ከፍለው ሁለት ሰው ያሠሩ ነበር ማለት ነው።

ይህንን ነገር በአደባባይ የተናገሩ አንዲት ሴት አሉ። ኤልዛቤት አንድሩስ ይባላሉ። በ1882 የተወለዱ፣ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ የብሪታንያ መንግሥት ስለ ከሰል ኢንዱስትሪ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። በዚህ ኮሚሽን ፊት ባለ ሀብቶች፣ መሐንዲሶች፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ቀርበው ተናገሩ። ኤልዛቤት አንድሩስም ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ቀርበው የማዕድን ሠራተኛ ሚስቶችን ወክለው መሰከሩ።

ምስክርነታቸው ስለ ቶንና ስለ ትርፍ አልነበረም፤ ስለ ገንዳው ነበር። ነፍሰ ጡር ሴቶች ከባድ ውሃ ሲያነሡ ፅንሱ እንደሚያስወርዳቸውና ያለጊዜው እንደሚወልዱ ተናገሩ። በጠባብ ቤት ውስጥ የፈላ ውሃ እየተዘዋወረ ሕፃናት እንደሚቃጠሉ ተናገሩ። መፍትሔውም ቀላል እንደሆነ አስረዱ፤ ይኸውም በየጉድጓዱ አፍ ላይ መታጠቢያና ልብስ ማድረቂያ ቤት ይሠራ የሚል ነበር።

በዓመቱ፣ በ1920፣ ከሚወጣው ከሰል በእያንዳንዱ ቶን ላይ አንድ ፔኒ እየተቀነሰ ለሠራተኞች ደኅንነት የሚውል ገንዘብ እንዲቋቋም በሕግ ተወሰነ። በ1926 ደግሞ ለመታጠቢያ ቤቶች ማሠሪያ ብቻ የሚውል ተጨማሪ ገንዘብ ተደነገገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መታጠቢያ ቤቶቹ በየጉድጓዱ አፍ ተሠሩ። ከሰል ቆፋሪውም ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ቤቱ መግባት ጀመረ። ብዙዎች መታጠቢያ ቤቱን የወንዶች ምቾት አድርገው ይቆጥሩት ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከሁሉ በላይ ያሳረፈው የሴቶችን ወገብ ነው።

ጡሩምባው ያለሰዓቱ ሲጮህ

የከሰል ቆፋሪ ሚስት አንድ ተጨማሪ ሸክም ነበረባት፤ እሱም ፍርሃት ነው። የጉድጓዱ ጡሩምባ ያለሰዓቱ የጮኸ እንደሆነ ሴቶች የያዙትን ጥለው ወደ ጉድጓዱ አፍ ይሮጡ ነበር። ከከሰሉ መካከል ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ብልጭታ ያገኘ እንደሆነ ይፈነዳል፤ ፍንዳታው ደግሞ በአየር ላይ የተበተነውን የከሰል አቧራ አያይዞ በየዋሻው ይጋልባል።

በኦክቶበር 14 ቀን 1913 በዚያው በደቡብ ዌልስ ሴንገኒዝ በተባለ መንደር የደረሰው አደጋ እንዲህ ያለ ነበር። በአንድ ጧት 439 ሠራተኞች ሞቱ። ሊያድን የገባ አንድ ሰውም አብሮ ጠፋ። ባልና ልጆቿን፣ ወይም ወንድሞቿን በአንድ ቀን ያጣች ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲታይ፣ የጉድጓዱ ሥራ አስኪያጅ 24 ፓውንድ፣ ኩባንያው ደግሞ 10 ፓውንድ መቀጫ ከፈሉ። የአንድን ሰው ሕይወት ዋጋ ማስላት ለእናንተ እንተወው።

ልጁም ወደ ጉድጓድ ወረደ

ወደ ቤቫን ቤተሰብ እንመለስ። አናይሪን በትምህርት ቤት ብዙም ደስተኛ አልነበረም፤ አንደበቱም ይንተባተብ ነበር። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ፣ በ1911 ከአባቱና ከወንድሙ እንደ ማናቸውም የሠፈር ልጅ ወደ ጉድጓድ ገባ። ጉድጓዱ ታይ ትሪስት ይባላል። በዌልሽ ቋንቋ ስሙ ቃል በቃል ሲተረጎም «ያዘነ ቤት» ማለት ነው። የሚያገኘው በሳምንት ወደ 10 ሽልንግ የሚጠጋ ሲሆን፣ አብዛኛውን ለወላጆቹ ይሰጥ ነበር።

የ13 ዓመት ልጅ ደመወዙን በእናቱ መዳፍ ላይ ሲያኖር እናት ደስ ይላታል ወይስ ታዝናለች? ሁለቱም ይሆናል። የልጅን ልጅነት ሸጦ ዳቦ መግዛት የክፋት ሳይሆን የችግር ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልጁ ግን የአባቱን መንገድ በሌላ በኩልም ተከተለ። ከሥራ መልስ ሠራተኞቹ በመዋጮ ባቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ያገኘውን ሁሉ ያነብ ነበር። በሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ እየተነሣ መናገርን ተለማመደ፤ መንተባተቡንም ታገለው። በ1919 ከማዕድን ሠራተኞች ማኅበር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለሁለት ዓመት ለንደን ተማረ። በ1921 ሲመለስ ግን ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። ለሥራ አጦች የሚሰጠውን ድጎማም እህቱ ደመወዝተኛ ናት ተብሎ ከለከሉት። እህት ወንድሟን፣ ልጅ አባቱን እንዲቀልብ መንግሥት ፈረደ ማለት ነው። በአንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሸክም እንዲባባሉ ማድረግ ምን ያህል ቤት እንደሚያፈርስ መገመት አያዳግትም።

የአባት የመጨረሻ ትንፋሽ

ይህ ሁሉ ሲሆን የአባት የዴቪድ ትንፋሽ እያጠረ ሄዶ ነበር። የከሰል አቧራ ጥቃቅን ነው። በአፍንጫ ገብቶ ወደ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይወርዳል፤ ሰውነትም አውጥቶ ሊጥለው አይችልም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የሳንባው ሥጋ እየጠነከረ ጠባሳ ይሆናል፤ አየር የሚይዝበት ስፍራ እያነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሳል ነው። ቀጥሎ ዳገት መውጣት ያቅታል። ከዚያ ደረጃ፤ ከዚያም ከአልጋ መነሣት። ሐኪሞች በሽታውን ኒሞኮኒዮሲስ ይሉታል። የሸለቆው ሰዎች ግን «አቧራው» ብቻ ይሉት ነበር። «አቧራው ይዞታል» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ይህንን ጠባሳ የሚያስለቅቅ መድኃኒት እስከ ዛሬም አልተገኘም፤ ያለው አማራጭ አስቀድሞ መከላከል ብቻ ነው።

ዴቪድ ቤቫን በፌብሩዋሪ 1925 ሞቱ። የሞቱት በልጃቸው በአናይሪን እቅፍ ውስጥ ነበር።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰል ለቆፈሩት ለእኚህ ሰው ቤተሰብ የተከፈለ ካሣ አልነበረም። ምክንያቱም በጊዜው የነበረው የሠራተኛ ካሣ ሕግ ይህንን በሽታ የሥራ በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። ጣሪያ ወድቆበት የሞተ ሰው የሥራ አደጋ ደረሰበት ይባላል። አቧራ በሳንባው ውስጥ እየተከማቸ ቀስ በቀስ የሞተ ሰው ግን ታሞ የሞተ ሆነ። የከሰል አቧራ በሽታ በብሪታንያ ካሣ የሚያስገኝ የሥራ በሽታ ሆኖ የተደነገገው በ1943 ነው። ለዴቪድ ቤቫን 18 ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕጉ በሽታውን ባያውቀውም፣ የከሰል ቆፋሪ ሚስቶች ግን ያውቁት ነበር። ሌሊት ባሎቻቸው ተኝተው መተንፈስ ሲያቅታቸው ትራስ ደርበው ያስቀምጧቸው የነበሩት እነሱ ናቸው። የሚተፉትን ጥቁር አክታ ያዩት እነሱ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ፣ ቢጠየቁ ኖሮ ከ1943 በፊት ብዙ ዓመት አስቀድመው ይናገሩ ነበር።

ለሕያዋን የተቋቋመ እድር

የትሬዴጋር ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የሕክምና መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። አባሉ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ ፓውንድ ደመወዝ ጥቂት ፔኒ ያዋጣል። በዚህ መዋጮ ማኅበሩ ሐኪሞችንና ነርሶችን ይቀጥራል፤ መድኃኒት ያቀርባል፤ ጥርስና ዓይን ያሳክማል። የኛ እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ ለቀስተኛ እንደሚያስተናግድ፣ የእነሱ መረዳጃ ደግሞ ሰው ሳይሞት ይደርስለት ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የሚታከመው አዋጪው ወንድ ብቻ ሳይሆን ሚስቱና ልጆቹም ነበሩ። ይህ በሌላው የብሪታንያ ክፍል ያልተለመደ ነገር ነው። በ1911 የወጣው የአገሪቱ የመድን ሕግ ደመወዝ የሚያገኘውን ሠራተኛ ያሳክም ነበር። ቤት ውላ ገንዳ የምትሸከመዋን ሚስቱን ግን ለሐኪም አያደርሳትም፤ ልጆቹንም አያካትትም። ለእናቶች የተሰጠው ስትወልድ የሚከፈል 30 ሽልንግ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የእናቲቱ ገንዘብ ነው ተብሎ በሕግ የተወሰነው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ የሴቶች ማኅበራት ከተከራከሩ በኋላ ነው። ስለዚህ በብዙ ወዛደር ቤት ልማዱ የታወቀ ነበር፤ ባል ሲታመም ሐኪም ይጠራል፤ ልጅ ሲታመም ተበድሮም ቢሆን ይጠራል፤ እናት ስትታመም ግን «ይለፍልኛል» ትላለች።

አናይሪን ቤቫን ያደጉት በዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በአንድ በኩል መዋጮ ሐኪምን ከእያንዳንዱ ቤት ሊያደርስ እንደሚችል በከተማቸው አዩ። በሌላ በኩል ሐኪም እያለ እንኳ፣ ሥራው የገደለውን ሰው ሕግ እንዴት እንደሚክደው በአባታቸው ሞት አዩ።

ጁላይ 5 ቀን 1948

ቤቫን በ1929 የፓርላማ አባል ሆነው ተመረጡ። በ1934 ያገቧቸው ጄኒ ሊም የስኮትላንድ ከሰል ቆፋሪ ልጅና እንደ እሳቸው የፓርላማ ሰው ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1945 የሠራተኛው ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ፣ ቤቫን የጤና ሚኒስትር ሆኑ። ትምህርታቸውን በ13 ዓመታቸው ያቋረጡት የከሰል ቆፋሪ ልጅ የአገሪቱን ታላላቅ ሐኪሞች ፊት ለፊት ተቀምጠው ተከራከሩ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ዕቅዱን ተቃውመው ድምፅ ሰጥተው ነበር። በመጨረሻ ግን የብሔራዊ ጤና አገልግሎት በጁላይ 5 ቀን 1948 ሥራውን ጀመረ። ማንኛውም ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ደመወዝተኛም ሆነ የቤት እመቤት፣ ያለክፍያ እንዲታከም ተደረገ። ወጪው ከሁሉም ሰው ግብር የሚሸፈን ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ሐኪም ቤት የመጡት እነማን ነበሩ? በጊዜው የሠሩ ሐኪሞች በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ከመጡት መካከል ለዓመታት ሕመማቸውን ደብቀው የኖሩ እናቶች ብዙ ነበሩ። ማሕፀናቸው ወርዶ በጨርቅ ደግፈው የቤት ሥራ ሲሠሩ የነበሩ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴቶች ነበሩ። «ይለፍልኛል» ሲሉ የኖሩት ሁሉ ወረፋ ይዘው ተቀመጡ።

ቤቫን በ1951 መንግሥት ለጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሊያስከፍል ሲወስን ከሥልጣናቸው በፈቃዳቸው ለቀቁ። በጁላይ 1960 በ62 ዓመታቸው አረፉ። የዌልስ ታላላቅ የከሰል ጉድጓዶች በየተራ ተዘጉ፤ የመጨረሻው ትልቅ ጥልቅ ጉድጓድ በ2008 ሥራውን አቆመ። የሕክምናው አገልግሎት ግን ብዙ ፈተናና ክርክር ቢደርስበትም ዛሬም አለ።

እኛስ ከዚህ ምን እንውሰድ?

ውድ አንባቢያት፣ ይህንን ታሪክ ያነሣነው የፈረንጅ ሚኒስትር ለማመስገን አይደለም። በእኛም ከተሞች የሲሚንቶ፣ የጥጥ፣ የዱቄት፣ የእንጨትና የድንጋይ ብናኝ በየቀኑ በሠራተኛ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የድንጋይ ከሰል የሚያወጡ ወገኖችም በአገራችን አሉ። በጢስ በታፈነ ማዕድ ቤት የምትውል እናት ሳንባም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ በእጃችን ያለውን እንጀምር። የሥራ ልብስ ደረቁን ቤት ውስጥ አይራገፍ፤ ውጭ ይዋል፤ ውሃ ነክቶት ይታጠብ፤ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይደባለቅ። ከሥራ ጋር የተያያዘ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሲታይ «ጉንፋን ነው» ብለን አንለፈው። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም እንናገር፤ የት እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደ ሠራ፣ ምን ዓይነት ብናኝ እንዳለ።

መብታችንንም እንወቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጥረዋል። አሠሪውም የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዴቪድ ቤቫን ያላገኙት ሕግ በእኛ ዘንድ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። የተጻፈ ሕግ ግን ራሱ በእግሩ ሄዶ ቤት አያንኳኳም፤ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። ባለቤታችሁ፣ ወንድማችሁ፣ ልጃችሁ በሚሠራበት ቦታ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይሰጥ እንደሆነ፣ አየር ማስወጫው ይሠራ እንደሆነ ጠይቁት። እናንተም ሠራተኞች ከሆናችሁ በማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ ተናገሩ። ኤልዛቤት አንድሩስ ስለ አንድ የቆርቆሮ ገንዳ በመንግሥት ኮሚሽን ፊት ለመናገር አላፈሩም።

ፊቢ ቤቫን ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሰፉት ልብስ ዛሬ የለም፤ ያጠቡትም ከሰል የጠገበ ሸሚዝ የለም። ነገር ግን በዚያ ቤት የታየው ሥቃይ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ ለሚሊዮኖች መታከሚያ የሚሆን ሕግ ሆነ። ዛሬ ማታ የሥራ ልብስ ስታጥቡ ውሃው ምን መልክ እንዳለው እዩት። ያያችሁትንም በሆዳችሁ አትያዙት፤ ተናገሩት።